ከአሮጌዋ ሃይሉክስ ጋር ከወራት በኋላ፦ ናፍጣው የት ነበር የሚሄደው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ባለ ፒካፖች ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ "በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ነው። የእኔዋ ደብል ጋቢና እጄ ስትገባ ጭነት ይዛ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር አትሞላም ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ያህል ጭና 9ን ታልፋለች። ሞተር አላስወረድኩም። በየሱቁ የተደረደረው "ነዳጅ ቆጣቢ" ፈሳሽም አይደለም የሠራው። ብዙ ሰው መኪናው ናፍጣ በላች ብሎ በቀጥታ ሞተር ወደማስወረድ ሲሮጥ ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ የተሠራች፣ 4 በ 4፣ ማንዋል ካምቢዮ። ሞተሯ 3ኤል የሚባለው 2,779 ሲሲ ናፍጣ ነው። አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ የላትም። አዲስ እያለች ጉልበቷ 90 ፈረስ ገደማ ነበር፤ ስለዚህ የምታባክነው አቅም የላትም። ሥራዋ በርብና በጉማራ ወንዝ ዳር ለሚያለሙ የፎገራ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕና ቱቦ ማድረስ ነው። ስንመለስ ከወረታ ሩዝ እንጭናለን። አልፎ አልፎ የጢስ ዓባይን ኮረኮንች ትቀምሳለች፣ ወደ ዘጌም ትወጣለች።

ወደ ጥገናው ከመግባቴ በፊት ስለ አለካኩ። ጌጁን አይቶ "ግማሽ ወረደች" ማለት መለኪያ አይደለም። ፉል አድርጎ መሄድ፣ ከዚያ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ መልሶ ፉል ማድረግና የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። ናፍጣ አረፋ ስለሚሠራ ማሽኑ ቀድሞ ይቆምና ሞላ ያሰኛል፤ አረፋው እስኪወርድ ትንሽ መታገስ ያስፈልጋል። ሰልፍ ባለበት ቀን ቀጂውን "አንዴ ጠብቅልኝ" ማለት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ከመጣ ወዲህ ግን በግምት መሄድ ኪስ ይጎዳል።

ሌላው የአለካክ ጉዳይ ጎማ ነው። የቀድሞው ባለቤት መልኳ እንዲያምር 31 ኢንች ሰፊ ጎማ አስገጥሞላት ነበር። ይህ ጎማ ለ15 ቸርኬ ከሚሆነው 235/75 ጎማ በቁመት 7 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲል መኪናዋ 107 ሄዳለች። ይህን የማያውቅ ሰው መኪናው ከእውነቱ በላይ የምትበላ ይመስለዋል። ወደ 235ቱ ሲመልስ ደግሞ ያልመጣ ለውጥ የመጣ ይመስለዋል። ከላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ሁለቱም በስልክ ጂፒኤስ የተስተካከሉ ናቸው።

አንዱን ሠርቼ ሳልለካ ሌላውን አልነካሁም። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የትኛው ሥራ ገንዘቡን እንደመለሰ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ልዩነት ያመጣው ፍሬን ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ምልክቱ ግልጽ ነበር፤ ሜዳ ላይ ነዳጅ ለቅቄ ፍሪሲዮን ስረግጥ መኪናዋ ቶሎ ትቆማለች። ከሐሙሲት እንደደረስኩ ቆሜ እጄን በየተራ ወደ አራቱም ቸርኬዎች አስጠጋሁ። ሦስቱ ለብ ያሉ ናቸው። የፊት ግራው ግን እጅ አያስጠጋም፤ የተቃጠለ የፍሬን ሽታም አለው። ጋራዥ ገብታ በክሪክ ስትነሣ ያ ጎማ በእጅ ገፍተነው ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቆመ። የፍሬን ሸራውን የሚጨብጠው የካሊፐሩ ፒስተኖች ዝገው ተጣብቀዋል። የኋላው የእጅ ፍሬን ገመድም ከልክ በላይ ተወጥሮ የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር እያነካካው ነበር።

መካኒኩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጎማውን ደጋግመው አዟዟሩና "ልጄ፣ ይቺ መኪና ነዳጅ በልታ አታውቅም። ታስራ ነው የምትሄደው" አሉኝ። "ታዲያ ጋሼ፣ ሞተሩስ?" ስላቸው፣ "መጀመሪያ ፍቺ ስጣት፣ ስለ ሞተሩ ከዚያ እናወራለን" አሉ። ፒስተኖቹ ተፈትተው ጸዱ፣ ጎሚኒዎቹና የፍሬን ዘይቱ ተቀየሩ፣ ገመዱ ላላ። ከዚያ በኋላ ወረታ ደርሼ ስመለስ የሞላሁት ናፍጣ በግልጽ ቀንሶ ነበር። ወጪው ደግሞ ከሠራሁት ሁሉ ትንሹ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ቴርሞስታት ነው። በዚህ ጉዳይ ከመካኒኮቻችን ጋር ያለኝ ቅሬታ የቆየ ነው። ሞተር ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዥ የተለመደ ሆኗል። "አገሩ ሞቃት ነው፣ ምን ያደርጋል?" ይላሉ። የእኔዋም አልነበራትም። ጠዋት ተነሥቼ እስከ ወረታ ባለው ሜዳ ስነዳ የሙቀት ቀስቱ ከታችኛው ሩብ ከፍ አይልም ነበር። ቴርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። ከሌለ ውሃው ገና ከመነሻው ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ናፍጣ ሞተር ዘይቱ ይወፍርበታል፣ ናፍጣውም በደንብ አይነድለትም። በአንዳንድ ሞተር ላይማ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ዘሎ ስለሚዞር፣ የተፈራው ሙቀት ጭራሽ ይብሳል።

ቴርሞስታቱ ከመመለሱ በፊት ግን ራዲያተሩን ማሳጠብ ግድ ነው። የተደፈነ ራዲያተር ካለ ቴርሞስታቱ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። አሁን ቀስቱ ከግማሹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። የአዲስ ዘመንን ዳገት ጭና ስትወጣም ከዚያ ብዙ አይነቃነቅም።

ሦስተኛው ብዙ ብር የወሰደው ነው፦ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ኖዝልና ናፍጣውን ለኖዝሉ የሚገፋው ፖምፓ። እዚህ ላይ የባሕር ዳር ከፍታ ይመጣል። ከጣና ዳር ቆመን ሜዳ ላይ ያለን ይመስለናል እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በአንድ አምስተኛ ያንሳል ማለት ነው። ፖምፓው ይህን አያውቅም። የከፍታ ማካካሻ ከሌለው ለባሕር ወለል የተሰላውን ናፍጣ እዚህም ይረጫል። አየር ያጣው ናፍጣ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

የእኔዋ ላይ ችግሩ ድርብ ነበር። ጉልበት እንድትጨምር ተብሎ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው የፖምፓው ብሎን ተከፍቶ ነበር። ደብረ ታቦር ዳገት ላይ ስረግጣት ከኋላዬ ያለው መኪና አይታየኝም ነበር። የፖምፓ ባለሙያው፣ ፖምፒስታው፣ ኖዝሎቹን በየተራ መፈተሻው ላይ አድርጎ አሳየኝ። ሁለቱ እንደ ጉም በትነው ይረጫሉ። አንዱ እንደ ክር ቀጥ አድርጎ ይሰዳል። አንዱ ደግሞ ረጭቶ ሲጨርስ ጫፉ ላይ ጠብታ ያንጠለጥላል። ያቺ ጠብታ ጭስ ናት፣ ብር ናት። አራቱም ጫፎች ተቀየሩ፣ ግፊታቸው እኩል ተደረገ፣ ብሎኑም ትንሽ ተመለሰ። "አየር ሳይጨመር ናፍጣ ብቻ ቢጨመር ትርፉ ጭስ ነው" አለኝ ፖምፒስታው። ልክ ነው። ዳገቱን በዚያው ማርሽ ትወጣለች፤ ጭሱ ግን ስስ ሆኗል። አደራ፣ ይህን ብሎን መፈተሻ ለሌለው ሰው አታስነኩ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሰፊዎቹን ጎማዎች ሸጬ 235/75 አስገባሁ፤ መሪውም ቀለለኝ፣ ናፍጣውም ትንሽ ወረደ። የጎማ ንፋስ መኪናው ሳይሞቅ፣ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ፣ ለጭነት ለጭነቱ፣ ለባዶ ለባዶው ነው የሚሞላው። ማንም የማይጭንበት ፖርቶ መጋላ ወረደ። አየር ፊልትሮውን የጢስ ዓባይ አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል፤ መሬት ላይ እያንኳኳችሁ አታራግፉት፣ ወረቀቱ ይሰነጠቃል። የፊት ጎማዎች መሐል ላይ ያሉትን፣ ጎማውን ከአክሱ የሚያገናኙና የሚያላቅቁ የፍሪ ሃብ ቁልፎችም ተመልከቱ። የእኔዎቹ በጭቃ ተለስነው "ሎክ" ላይ ደርቀው ነበር። አስፋልት ላይ "ፍሪ" መሆን አለባቸው፤ ካልሆነ የፊት አክሱ በከንቱ አብሮ ይዞራል። የኋላውን ስፖንዳ ከፍቶ መሄድ ግን ናፍጣ አይቆጥብም። ሲዘጋ ጋቢናው ኋላ የሚፈጠረው የታመቀ አየር ንፋሱን ከላይ ያሳልፈዋል።

ስለ አነዳድ አንድ ነገር ብቻ፣ እሱም ፎሌ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል እምነት አለ። በዚህ ዓይነት ፖምፓ እውነቱ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ከነዳጅ ሲነሣ ፖምፓው ናፍጣውን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ እየጠጣ ነው የሚወርደው። ፍሬኑም ብቻውን ይሸከመዋል። ጭነት ይዞ ያ ቁልቁለት በሞቀ ፍሬን የሚቀለድበት አይደለም። እባካችሁ በማርሽ ውረዱ።

ናፍጣ ውስጥ የሚጨመረውን ፈሳሽ ለረጅም ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ በመለኪያዬ ምንም ለውጥ አላየሁም። ይልቅ እጥረት ሲመጣ በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ከገባ የናፍጣ ፊልትሮውን ሥር ፈታ አድርጋችሁ ውሃውን አፍስሱ። አዲስ ኖዝልን የሚገድለው ውሃ ነው።

እንደ ባለቤት ስፈርዳት ሃይሉክሷን እወዳታለሁ። ዕቃዋ ይገኛል፣ መካኒኩ ሁሉ ያውቃታል፣ ኮምፒውተር አትጠይቅም። ባዶዋን ግን ኋላዋ ይነጥራል፣ ድምጿ ከፍ ያለ ነው፣ ፍጥነት የሚወድ ሰው ከእሷ ጋር አይስማማም። ከ80 በላይ ሲነዷት ደግሞ ያተረፉትን ሁሉ ንፋስ ይበላዋል። አሮጌ ፒካፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሞተሩ ድምፅ በፊት ሜዳ ላይ ትለቀቅና ምን ያህል እንደምትንሸራተት ይይ።

አሁን የቀረኝ ፍሪሲዮን ነው። ጭና ዳገት ስትይዝ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ያን ያህል አትከተለውም። ክረምት ሳይገባ አስፈታዋለሁ፤ ከዚያ እንደገና ፉል አድርጌ እለካለሁ።