ውሻችሁ ሠርጉ ላይ ይዋል ወይስ ለፎቶ ብቻ ይምጣ?

አሜሪካ ውስጥ ውሻ ያላቸው ሐበሻ ሙሽሮች ፊት ሁለት ምርጫ አለ፦ ውሻውን ሠርጉ ላይ ማዋል፣ ወይም ለፎቶ ብቻ አምጥቶ መመለስ።

የመጀመሪያው ልብ ይነካል። ቀለበት አንገቱ ላይ ታስሮ ወደ ሙሽሮቹ ሲሮጥ የእንግዳው ፊት ሁሉ ይፈካል። (የሚታሰረው ማስመሰያ ይሁን፤ እውነተኛው ቀለበት ሚዜው ኪስ ይቀመጥ።) ተክሊል ከሆነ ግን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ስለማይገባ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አዳራሹ ደግሞ ይከብደዋል። እልልታው፣ ከበሮው፣ የድምፅ ማጉያው ሲበዛበት ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጭራውን ሸጉጦ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ምግቡ ነው። ዶሮ ወጥ ሽንኩርት በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰነጣጥሮ አንጀት ሊበሳ ይችላል። አንድ አዛኝ እንግዳ "ምስኪን፣ ርቦት ይሆናል" ብሎ ቢያጎርሰውስ?

እኔ ፎቶውን እመርጣለሁ፤ መናፈሻ ውስጥ፣ የሚያውቀው ሰው ይዞት፣ ከዚያ በጊዜ ወደ ቤቱ። ውሻው ከሁለት አንዳችሁ ጋር ያደገ ከሆነ፣ ሌላኛችሁ ማብላቱንና ማንሸራሸሩን ከሠርጉ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ አብሮ መኖሩ ያኔ አይከብደውም።