የሮበርታ ፍላክ «ፈርስት ቴክ» በሸክላ፦ ገዝታችሁ ጀርባውን አንብቡት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያገለገሉ ሸክላዎች ከምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የሮበርታ ፍላክን «ፈርስት ቴክ» አልበም በ14 ዶላር ገዛሁና ሳምንቱን ሙሉ ከስራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እሱን ነው የምከፍተው፣ ስለዚ ሪቪው ልጻፍለት ብዬ ነው። ከዚህ በፊት ይሄንኑ ሸክላ ከአንድ ኦንላይን ሻጭ አዝዤ እንደ አክንባሎ ጎብጦ ነው የደረሰኝ፣ መርፌው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዘፈኑ ይንገዳገድ ነበር። ስለዚ ምክሬ ከወዲሁ፣ ያገለገለ ሸክላ የምትገዙ ከሆነ ከሽፋኑ አውጥታችሁ ወደ መብራት አዙራችሁ ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

ሱቁ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የማገኛቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ የሀበሻ ሰው ናቸው፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ባንድ ሲሰሙ ያሳለፉ። ሸክላውን ይዤ ወደ ካሸሯ ስሄድ አስቆሙኝና «ልጄ፣ እሷንማ ሁሉም ያውቃታል፣ ገልብጠውና ማን እንዳጀባት እይ» አሉኝ። ገለበጥኩት። ፒያኖና ድምፅ ራሷ ሮበርታ፣ ጊታር ጆን ፒዛሬሊ፣ ድራም ሬይ ሉካስ፣ ቤዝ ሮን ካርተር። እኔ ሮን ካርተርን የማውቀው ከጃዝ ጥሩምባ ነፊው ከማይልስ ዴቪስ ጋር ነው፣ ከ1963 እስከ 1968 ድረስ የማይልስ ኩዊንቴት (የአምስት ሰው ባንድ) ቤዝ ተጫዋች እሱ ነበር፣ ያንን ሙዚቃ ስሰማ ጭንቅላቴ ነው የሚሰራው እንጂ እንባዬ አይመጣም። ሮበርታን ስሰማ ደሞ እናቴን ነው የማስበው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል ብዬ በህይወቴ አስቤ አላውቅም ነበር። «አዩት ጋሼ?» ስላቸው ሳቁ፣ «ቤት ገብተህ ደሞ ስማው፣ እሷን ተዋትና ቤዙን ብቻ ተከተል» አሉኝ።

ቤት ገብቼ እንዳሉኝ አደረግኩ። አንደኛው ገጽ የሚከፈተው «ኮምፔርድ ቱ ዋት» በሚለው ነው፣ የሚጀምረው ደሞ ቤዙ ነው፣ ትልቁ ቆመው የሚመቱት ደብል ቤዝ፣ ወፈር ያለ፣ ጣቱ ከሽቦው ላይ ሲነሳ የእንጨቱ ድምፅ ጭምር ይሰማል፣ ከዛ ድራሙ ይገባል፣ ከዛ ፒያኖው፣ እሷ አፏን እስክትከፍት ድረስ ቤቱ ሞልቷል። ግን እኔን የገደለኝ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው «ዘ ፈርስት ታይም ኤቨር አይ ሶው ዩር ፌስ» ነው። ይሄን ዘፈን በስልክ መቶ ጊዜ ሰምቼው ይሆናል፣ ቤዝ እንዳለው እንኳን ልብ ብዬ አላውቅም፣ የስልክ ስፒከር ያንን ድምፅ ከየት ያመጣዋል? በሸክላ ስሰማው ሰውዬው አንድ ኖታ ይመታና ይተወዋል፣ ኖታው እየቀለጠ እየቀለጠ ሄዶ ሊጠፋ ሲል ሌላውን ያስቀምጣል፣ በመሀል ባዶ ቦታ አለ፣ ሮበርታ ቃሏን የምታሳርፈው እዛ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ እንደዚ ነው የሚሄደው። አንድም ቦታ ላይ እኔን ስሙኝ አይልም። ማይልስ ጋር አምስት አመት የሰራ ሰው እጁን እንደዚ መያዙ ነው የገረመኝ፣ እና ሌላ ቤዝ ተጫዋች ቢሆን ያንን ክፍተት የሚሞላበት ነገር የሚያጣ አይመስለኝም።

ታሪኩን ለማታውቁ በአጭሩ፣ ሮበርታ የእኛው የዲሲ ልጅ ነበረች ማለት ይቻላል፣ በ15 አመቷ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ ቀን ዲሲ ትምህርት ቤት እያስተማረች ማታ ካፒቶል ሂል ያለው ሚስተር ሄንሪስ የሚባል ሬስቶራንት የምትጫወት። የጃዝ ፒያኒስቱ ሌስ ማካን እዚሁ ዲሲ ሰምቷት ነው ሸክላ አሳታሚው አትላንቲክ ሬከርድስ ጋር ያገናኛት፣ ለፕሮዲውሰሩ ለጆል ዶርን በ3 ሰአት ውስጥ 42 ዘፈን ተጫወተችለት። ሸክላው የተቀዳው በየካቲት 1969 ኒውዮርክ አትላንቲክ ስቱዲዮ ነው፣ ጠቅላላ 10 ሰአት ነው የፈጀው ይባላል፣ የጃዝ ሰው ስታመጣ ያለው ጥቅም ይሄ ይመስለኛል፣ አንዴ ያዳምጥሃል ከዛ ይጫወታል፣ ሀያ ጊዜ ድገምልኝ የለም። በወቅቱ ግን ብዙም አልተሸጠም። በ1971 ክሊንት ኢስትዉድ «ዘ ፈርስት ታይም»ን ፊልሙ ውስጥ ላስገባው ብሎ ደውሎ 2,000 ዶላር ከፈለ፣ እሷ እንደውም በጣም ቀርፋፋ ነው ላፍጥነው ብትለው እምቢ አለ፣ በ1972 ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ ለ6 ሳምንት አንደኛ ሆነ። በሚቀጥለው አመት «ኪሊንግ ሚ ሶፍትሊ» ሲመጣም ቤዙ ላይ ማን አለ? ራሱ ሮን ካርተር፣ ድራም ላይ ደሞ ግሬዲ ቴት፣ እሱም የጃዝ ሰው።

ከዛ በኋላ በቃ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፣ ያለኝን ሸክላ ሁሉ አውጥቼ ጀርባ ጀርባውን ማንበብ ጀመርኩ። የጊል ስኮት ሄሮን የ1971ዱ «ፒስስ ኦፍ ኤ ማን» ላይ ቤዙ ሮን ካርተር ነው። የአሬታ ፍራንክሊን «ሶል 69» ደሞ ስሙ ሶል ይበል እንጂ ያጀቧት የጃዝ ሰዎች ናቸው፣ ቤዝ ሮን ካርተር፣ ጊታር ኬኒ በረል፣ ኪቦርድ ላይ ጆ ዛዊኑል፣ ያ በኋላ ዌዘር ሪፖርት የሚባለውን የጃዝ ባንድ ከመሰረቱት አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊ። አሬታ ዲትሮይት ነው ያደገችው፣ በረል የዲትሮይት ልጅ፣ ካርተርም እዛው ዲትሮይት ጥግ ፈርንዴል ተወልዶ ዲትሮይት የተማረ፣ እና ኒውዮርክ ላይ ተገናኝተው የሰፈር ልጆች ሆነው ሲጫወቱ ይታያችሁ። ካርተር በነገራችን ላይ ጊነስ የአለም ሪከርድ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ነው፣ እስከ 2015 ድረስ 2,221 ቅጂ ላይ ቤዝ ተጫውቶ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን በ3 ዶላር ከካርቶን ውስጥ ያነሳኋት ትንሿ ሸክላ ናት፣ የፎንቴላ ባስ «ሬስኪዩ ሚ»፣ 1965፣ ቺካጎ ቼስ ስቱዲዮ የተቀዳች። ይሄ ሰርግ ላይ ሰው የሚያስነሳ ዘፈን ነው፣ ማንም ከጃዝ ጋር አያያይዘውም። ድራሙን የመታው ሞሪስ ዋይት ነው፣ አዎ የኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየሩ ሞሪስ ዋይት፣ ባንዱን ከማቋቋሙ በፊት የራምሲ ሉዊስ ጃዝ ትሪዮ ድራመር የነበረ። ከጊታሪስቶቹ አንዱ ፒት ኮዚ ነው፣ በሰባዎቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር ገብቶ ያንን ጆሮ የሚሰነጥቅ ጊታር የተጫወተው። ከጀርባ ከሚቀበሉት ድምፆች አንዷ ዘፋኟ ሚኒ ሪፐርተን። የፎንቴላ ባል ደሞ ሌስተር ቦዊ! ነጭ የሀኪም ጋወን ለብሶ መድረክ ይወጣ የነበረው፣ አርት ኤንሰምብል ኦፍ ቺካጎ የሚባለው የጃዝ ቡድን ጥሩምባ ነፊ። የሷን ባንድ ይመራ የነበረው እሱ ነው፣ በኋላ አብረው ፓሪስ ሄደው በ1970 እሷ ከአርት ኤንሰምብል ጋር ዘፍናለች። ያንን ሰምታችሁ «ሬስኪዩ ሚ»ን መልሳችሁ ስሙት፣ መጨረሻው አካባቢ ባንዱ እየቀነሰ እየቀነሰ ሲሄድና እሷ እም እም እያለች ብቻ ስትቀር ያኔ ነው ነገሩ የሚገባችሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላዝን። የዲትሮይቱ ሸክላ አሳታሚ የሞታውን አጃቢ ጄምስ ጀመርሰን ከዲትሮይት ጃዝ ክለቦች የመጣ ደብል ቤዝ ተጫዋች ነበር፣ እነዛን ሁሉ ዘፈኖች የተሸከመ ጣት የሱ ነው፣ ሞታውን ግን የአጃቢዎቹን ስም አልበም ላይ ያወጣው በ1971 የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ ነው። ጀመርሰን የዛን አልበም መክፈቻ ዘፈን ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው የተጫወተው ይባላል፣ ስሙት እስቲ፣ የተኛ ሰው ቤዝ ነው? በ1983 ሞታውን 25ኛ አመቱን ሲያከብር ግን ትኬት እንደማንም ገዝቶ ከላይ ሰገነት ላይ ቁጭ ብሎ እንዳየ ነው የሚነገረው፣ በዛው አመት በ47 አመቱ ሞተ።

እኛም ዘንድ ያው ነው እኮ። ካሴቱ ላይ የድምፃዊው ፎቶ አለ፣ ከስር «ሮሃ ባንድ» ይላል፣ ያደግንበትን ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም፣ ኪቦርዱን ዳዊት ይፍሩ እንደተጫወተው ስንቶቻችን ነን የምናውቀው? እኔ ያወኩት ሰላሳ አመት ካለፈኝ በኋላ ነው። እዚሁ ዲሲ ታክሲ ሲነዱ የኖሩት ሃይሉ መርጊያም የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩ ናቸው፣ ስንት ሰው ከኋላ ወንበራቸው ተቀምጦ ሳያውቃቸው ወርዷል።

ወደ ሸክላው ልመለስ። የኔ ኮፒ የድሮው ነው፣ ሽፋኑ ጥግ ጥጉ ተልጧል፣ ሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ጭረት አለ ቸክ ቸክ ይላል፣ ግን የሚያልቀው «ዘ ፈርስት ታይም» ከመጀመሩ በፊት ነው። ለስላሳ ጨርቅና ንጹህ ውሃ ትንሽ ረድቶታል። «አይ ቶልድ ጂሰስ» የሚለው ለኔ ትንሽ ረዘመብኝ፣ ሆርኖቹ (የሚነፉት መሳሪያዎች) የገቡባቸው ቦታዎችም ባይኖሩ እመርጥ ነበር፣ አራቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው የሚያምረው። ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ሱቋ ደሞ አቧራ አላት፣ ፓርኪንግ የላትም፣ ሸክላዎቹ በፊደል አልተደረደሩም፣ አለርጂ ያለባችሁ ማስክ ያዙ፣ ግን ዋጋዋ ጥሩ ነው፣ ሳትገዙ እዛው ማጫወቻ ላይ ሞክሩ ይሏችኋል፣ ይሄ ብቻውን ያስኬዳል። የመጀመሪያ ማጫወቻ የምትገዙ ከሆነ እነዛን በራሳቸው ትንንሽ ስፒከር የሚመጡትን የሻንጣ አይነቶች ተዉአቸው፣ ቤዙን አታገኙትም፣ ቤዙን ካላገኛችሁ ደሞ የጻፍኩትን ሁሉ በከንቱ ነው የጻፍኩት።

ጋሼን ትናንት መልሼ አገኘኋቸውና ስለ ፎንቴላ ባስና ስለ ባሏ ነገርኳቸው። እሳቸውም አያውቁም ነበር። ትንሿን ሸክላ ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ የአጃቢዎቹ ስም እኮ አልተጻፈባትም፣ ወረቀቷ ላይ ያለው የሷ ስምና የዘፈኑ ርእስ፣ የደራሲዎቹም፣ በቃ። ከዛ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ከረጢቷ ላይ በአማርኛ «ድራም፦ ሞሪስ ዋይት፣ ጊታር፦ ፒት ኮዚ» ብለው ጻፉና «ሌሎቹንም ስታገኝ ጨምርበት» ብለው መለሱልኝ።