ለሳሎንዎ የትኛው የሆም ቲያትር ሪሲቨር? ሶኒ፣ ያማሃና ዴኖን ሲነጻጸሩ

እዚህ የሚነጻጸሩት የሶኒ ኤስቲአር-ዲኤች590፣ የያማሃ አርኤክስ-ቪ4ኤ እና የዴኖን ኤቪአር-ኤክስ1800ኤች ናቸው። ሦስቱም የዲሽ ሪሲቨሮች አይደሉም፤ ከቴሌቪዥን፣ ከዲኮደርና ከጌም ማጫወቻ የሚመጣውን ድምፅ ፈትተውና አጉልተው በክፍሉ ዙሪያ ለተደረደሩ ስፒከሮች የሚያከፋፍሉ ናቸው። ሶኒና ያማሃ 5.2፣ ዴኖን ደግሞ 7.2 ቻናል ሲሆኑ፣ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር የስፒከሮችን፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው የሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር፣ መውጫዎችን ብዛት ያመለክታል። በዋጋ ሶኒ ዝቅተኛው፣ ዴኖን ከፍተኛው ነው።

ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥ በፊት ግን በዕቃው ጀርባ የተጻፈው መነበብ አለበት። የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሪሲቨር ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ሻጩ ትራንስፎርመር ቢጨመርበት እንደሚሠራ ቢነግርዎትም፣ ትራንስፎርመሩ የሚቀይረው ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን አይደለም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የታሰበ የውስጥ ትራንስፎርመር ደግሞ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። ለሪሲቨር የሚበቃ አቅም ያለው ትራንስፎርመርም ከባድ ነው፤ እያጉረመረመ ፊልሙን ሊረብሽም ይችላል። በእኔ አስተያየት በርካሽ ከተገኘ ባለ 120 ቮልት ዴኖን ይልቅ ለአገሩ መብራት የተሠራ ያማሃ ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ቆይቶ የሚያስተላልፍ ስታብላይዘርም ለሦስቱም ያስፈልጋል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስት ቁጥር ነው። ሶኒ 145 ዋት ሲል ያማሃና ዴኖን እያንዳንዳቸው 80 ዋት ይላሉ፤ በዚህ ብቻ የሚመርጥ ሰው ርካሹ ዕቃ ኃይለኛው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የሶኒው ቁጥር የተለካው በ6 ኦም ጭነት (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ በ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ብቻ፣ አንድ ቻናል ለብቻው እየሠራ፣ የድምፅ መዛባቱም እስከ 0.9 በመቶ እንዲደርስ ተፈቅዶ ነው። የሁለቱ 80 ዋት ግን በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ ሁለት ቻናሎች አብረው ሲሠሩ፣ መዛባቱ ለያማሃ ከ0.06፣ ለዴኖን ከ0.08 በመቶ ሳያልፍ የተለካ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አቁሞ ማወዳደር አይቻልም። ደግሞም ዋት በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ በልደታ ወይም በአራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ሰው የሦስቱም ኃይል ይበቃዋል።

እውነተኛው ልዩነት በቻናሉ ብዛትና በጣሪያው ላይ ነው። ዶልቢ አትሞስን፣ ማለትም ከላይ ጭምር የሚመጣ ድምፅን፣ ከሦስቱ የሚያስተናግደው ዴኖን ብቻ ነው፤ ሁለቱን ትርፍ ቻናሎች ለላይኛው ድምፅ በመመደብ 5.1.2 የሚባለውን አቀማመጥ ይፈጥራል፤ የመጨረሻው 2 የላይኞቹን ስፒከሮች ብዛት ያመለክታል። ጣሪያ ላይ ስፒከር መስቀል ለማይችል ተከራይ፣ ድምፁን ወደ ላይ ልኮ ከጣሪያው እንዲነጥር የሚያደርጉ ስፒከሮች አሉ፤ እነዚህ ግን ጠፍጣፋና ጠንካራ ጣሪያ ይፈልጋሉ። የኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ሶሌታ ለዚህ ተስማሚ ነው። በፒያሳና በአካባቢው ባሉ አሮጌ ቤቶች የሚገኘው የጨርቅ ኮርኒስ ግን ድምፁን በሚገባ ስለማይመልስ፣ እዚያ ለአትሞስ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከንቱ ይሆናል። ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ለተጣበቀበት ጠባብ ሳሎንም ሰባት ስፒከር በዙሪያው መደርደር አይመከርም፤ አምስቱ፣ የጎኖቹ ከአድማጩ ትንሽ ወደ ኋላ ሆነው፣ ይበቃሉ።

በግንኙነት ረገድ ሶኒና ያማሃ አራት፣ ዴኖን ስድስት የኤችዲኤምአይ መግቢያዎች አሏቸው። ዲኮደርና ጌም ብቻ ላለው ሰው አራቱም ይተርፉታል። ከቴሌቪዥኑ ወደ ሪሲቨሩ ድምፅ የሚመለስበት መንገድ ግን ይለያያል፤ ሶኒ አርክ የሚባለውን፣ ያማሃና ዴኖን የተሻሻለውን ኢ-አርክ ይዘዋል። በኢንተርኔት ለሚተላለፉ ፊልሞች አርክ በቂ ነው። ከሃርድ ዲስክ በቴሌቪዥኑ በኩል ሙሉ የብሉሬይ ድምፅ ያላቸውን ፊልሞች ለሚያይ ሰው ግን ኢ-አርክ ይጠቅማል፤ ያውም ቴሌቪዥኑ ራሱ ኢ-አርክ ካለውና የፋይሉን የድምፅ ዓይነት የሚያስተላልፍ ከሆነ ነው፤ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት አያሳልፉም። በፍላሽ ተገልብጦ የመጣው ፊልም በስቴሪዮ ብቻ የተቀዳ ከሆነ የትኛውም ሪሲቨር እውነተኛ ሰራውንድ፣ ማለትም ከዙሪያ የሚመጣ ድምፅ፣ ሊያወጣለት አይችልም።

ሦስቱም ከማይክሮፎን ጋር ስለሚመጡ የስፒከሮቹን ርቀትና መጠን ራሳቸው ለክተው ያስተካክላሉ። ኦዲሲ መልቲኢኪው ኤክስቲ የሚባለው የዴኖኑ የመለኪያ ሥርዓት ከስምንት የመቀመጫ ቦታዎች ለክቶ የክፍሉን ጠባይ ስለሚያርም፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ ለሆነና ድምፅ ለሚያስተጋባ ሳሎን ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው።

እንግዲህ የኮንክሪት ጣሪያና ሰፋ ያለ ሳሎን ላለው ዴኖን፣ አምስት ስፒከር ለሚበቃውና ሙዚቃን በዋይፋይ ለሚያዳምጥ ያማሃ ይስማማል። ሶኒ ዋይፋይ የለውም፤ ከስልክ የሚቀበለው በብሉቱዝ ብቻ ነው። ለፊልምና ለኳስ ብቻ ለሚፈልገው ግን ሶኒውን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ የመሐል ስፒከር ማዋል ብልህነት ነው፤ የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነውና።