ትብሊሲ ላለችው እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ

ጆርጂያ አገር፣ ትብሊሲ ከተማ ለምትሠራ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ጀርመን በመኪና አደጋ ቅልጥሙ ተሰብሮ ብረት ገባለት። ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ መግል! ጠዋት የተቀየረው ፋሻ ማታ ርሶ ይገኛል፤ እሱም ሽታው እንዳይረብሸን ብሎ ገበታ ላይ አብሮን መቀመጥ ተወ።

ያልሄድንበት የለም። ስም አልጠራም። አንዱ ጋ አንቲባዮቲክ፣ ሌላው ጋ ሌላ አንቲባዮቲክ። ጀርሙ ሱዶሞናስ ይባላል፣ መድኃኒቱን ሁሉ ተላምዶታል አሉን። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «እግሩ መቆረጥ አለበት» አለ። ወንድሜ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ! ያቺ ቀን እስካሁን ታንገበግበኛለች።

ስለ ጆርጂያ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ትብሊሲ ውስጥ ኤሊያቫ የሚባል ተቋም አለ፣ በ1923 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ። ባክቴሪያን በቫይረስ ያክማሉ። ቫይረስ ስትለኝ ክው አልኩ። ፋጅ ይሉታል፤ የሰውን ሴል አይነካም፣ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ብቻ ነው። ወደዚያው ሄድን፤ ከቁስሉ ናሙና ወስደው ጀርሙን የትኛው ፋጅ እንደሚገድለው ፈተሹ።

እና ያቺ የላቦራቶሪ ባለሙያ! ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም። ሥራዋን ትታ ኮሪደር ድረስ መጣችና በስልኳ ፎቶ አሳየችን። ጀርሙ ክቡን ሳህን እንደ ስስ አጓት ሸፍኖታል። ፋጁ ጠብ የተደረገበት ቦታ ግን ጥርት ያለ ክብ ሆኗል። በአስተርጓሚ «እዚህ ጋ ጀርምህ ሞቷል» አለችው። ፋጁ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፋል፣ ዘረመሉን ወደ ውስጥ ይከታል፣ እዚያው ይራባና ያፈነዳዋል፣ የወጡት ደግሞ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ከዚህ ያለፈው እኔ አልገባኝም። ወንድሜ ግን ያቺን ክብ እያየ አለቀሰ። እሷም አንገቱ ላይ ማተቡን አይታ የራሷን መስቀል ከሸሚዟ ውስጥ አወጣችለት፤ እስኪረጋጋ ድረስ ትከሻውን ይዛ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ የነካው ባለሙያ አልነበረም።

የሚጠጣም፣ ቁስሉ ላይ የሚደረግም ፈሳሽ ሰጡት። በሦስተኛው ወር ቁስሉ ገጠመ። ባለፈው እሁድ ከእኛ ጋር ገበታ ቀረበ፤ እናቴ እያጎረሰችው ታለቅስ ነበር።

ወገኖቼ፣ ቁስል አልድን ያላችሁ፣ እባካችሁ ከመቆረጥ በፊት ስለ ፋጅ ጠይቁ! ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም፤ ፋጁ ከራሳችሁ ጀርም ጋር መግጠም አለበት፣ እነሱም ይህንኑ በግልጽ ነግረውናል። ብቻ የካልቸር ውጤታችሁን (ቁስሉ ውስጥ የትኛው ጀርም እንዳለ የሚያሳየውን የላቦራቶሪ ምርመራ) ይዛችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። አደራ፣ ጠይቁ። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። አካሄዱን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።