ከወደብ ወረቀት ጣጣ ለገላገለችን ወኪል፦ እድሜ ይስጥልን

ይህችን ሴት ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር በራሳችን ሸራ ጀልባ ወደ ጎረቤት አገር ስንሻገር ወረቀታችንን የጨረሰችልን የወደብ ወኪል ናት። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን ስልኳን እሰጣለሁ፣ ይህን ራሷ ፈቅዳልኛለች።

በግል ጀልባ ድንበር ተሻግሮ የማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። በአውሮፕላን ስትሄዱ ተሰልፎ ፓስፖርት ማሳየት ነው፣ ሌላውን አየር መንገዱ ጨርሶታል። በጀልባ ግን ሁሉም በእናንተ ጫንቃ ላይ ነው። ኢሚግሬሽን ሰዎቹን ያያል። ጉምሩክ ጀልባዋንና ውስጧ ያለውን ዕቃ ያያል። የጤና ሰዎች አሉ፣ የወደብ አስተዳደር አለ፣ አንዱ ቢሮ እዚህ ሆኖ ሌላው ከተማው ማዶ ሊሆን ይችላል። መግባትም ደስ ባላችሁ ዳርቻ አይደለም፣ መግቢያ ተብሎ በተፈቀደ ወደብ ብቻ ነው። ከተነሳችሁበት አገርም በወጉ መውጣት አለባችሁ። የመውጫ ክሊራንስ የሚሉትን ወረቀት ካልያዛችሁ ቀጣዩ ወደብ ላይ መፋጠጥ ነው።

እኛን ያንገበገበን ይኸው መውጫው ነበር። የወደቡን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹንም አላነሳም። ብቻ ጉምሩክ «መጀመሪያ የወደቡን ማህተም አምጡ» ይለናል፣ ወደቡ ጋ ስንሄድ «ጉምሩክ ሳይፈርም እኛ አንነካውም» ይሉናል። ፋይላችንን ታቅፈን በፀሐይ ስንመላለስ ቢሮው ለምሳ ይዘጋል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ኃላፊው የለም፣ ነገ ኑ። እንደ ሰው ቀና ብሎ የሚያየን እንኳ አልነበረም። በዚህ መሃል አንድ ጉዳይ ገዳይ መጥቶ «እኔ አለሁላችሁ» አለ። ገንዘቡን ቀድሞ ተቀበለ፣ ደረሰኝ ስንለው ሳቀብን፣ ከዚያ ስልኩን ማንሳት ተወ። ባለቤቴ ቁጡ ሰው አይደለም፣ ያን ቀን ግን ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። አንጀቴን በላው። በስንት ውጣ ውረድ አንድ የማናውቀው ሰው ወረቀቶቹን አምጥቶ ሰጠን። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ተመስገን ብለን ተነሳን። ክሊራንስ ከተሰጠ በኋላ በብዙ አገር በ24 ሰዓት ውስጥ ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ መውጣት ግድ ስለሆነ እዚያ ቁጭ ብሎ ወረቀት መመርመር የለም።

ወኪሏን አንድ ባሕረኛ ወዳጃችን ነበር የጠቆመን፣ ቀደም ብለን ጽፈንላታል። መልሷ አጭርና ግልጽ ነበር። የፓስፖርቶቹን ፎቶ፣ የጀልባዋን የምዝገባ ሰነድ፣ ኢንሹራንሱንና የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ላኩልኝ፣ ዋናዎቹን ደግሞ ከእጃችሁ እንዳታጡ አለች። ሂሳቡንም የመንግሥት ክፍያ ይህን ያህል፣ የእኔ ድካም ይህን ያህል ብላ ለይታ በጽሑፍ ላከችልን። ከዚያኛው ሰውዬ በኋላ ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነበር።

ወደ አገሩ የባሕር ክልል፣ ማለትም ከዳርቻው 12 የባሕር ማይል ውስጥ ስንገባ ባለቤቴ ቢጫውን ባንዲራ ሰቀለ። ባንዲራው «ጀልባዬ ላይ በሽታ የለም፣ የመግቢያ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ነው፣ በየትኛውም ወደብ ያውቁታል። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ካፒቴኑ ካልሆነ በቀር ከጀልባ መውረድ አይፈቀድም፣ ከውጭም ሰው አይወጣበትም። እናቴ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳት አድሮ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሸተተኝ ብላ አልቀምስም አለች።

ወኪሏ ገና ገመድ ሳናስር የወደቡ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እናቴን አየቻት። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ሮጥ ብላ ሄደችና ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ መጣች። ሕጉን ስለምታውቅ እግሯን ጀልባው ላይ አላሳረፈችም። ዳሩ ላይ ተንበርክካ፣ ክንዷን እስከሚደርስላት ዘርግታ፣ ጠርሙሱን በእናቴ እጅ አስጨበጠቻት። «ትንሽ ይታገሡኝ እናቴ፣ የእርስዎን አስቀድማለሁ» አለቻት። ተርጉሜ ስነግራት እናቴ እንባዋ መጣ፣ እኔም አልቻልኩም።

ከዚያ ወረቀታችንን ተቀብላ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቁጭ አለች። ፓስፖርቶቹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር እያስኬደች ከተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ጋር ታመሳክራለች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ያ ያመጡልን ወረቀት ላይ የእናቴ ፓስፖርት ቁጥር ውስጥ 7 መሆን የነበረበት 1 ተብሎ ተጽፏል። ደም ስሬ ተገታተረ። እሷ ግን ምንም አልመሰላት፣ «መኮንኑ ሳያየው እኛው ቀድመን እንንገረው» አለች። ሄዳ ነገረችው፣ ለምና ወደቡ ዳር ድረስ ይዛው መጣች፣ እናቴን በዓይኑ አየ፣ ፓስፖርቱን ከዝርዝሩ ጎን አስቀመጠ፣ አስተካክሎ ማህተም መታበት። ምን ምን እንደተባባሉና የትኛውን ቅጽ እንደሞሉ እኔ አላውቅም። የማውቀው ድምፅ ከፍ ሳይል፣ ማንም ሳይዋረድ ማለቁን ነው።

ሌላም ነገር ሳንጠይቃት አስረዳችን። የገባነው የአውሮፓ ኅብረት አገር ነው። እኛ ነዋሪነታችን ከኅብረቱ ውጭ ነው፣ ጀልባዋም የተመዘገበችው ከዚያ ውጭ ነው። እንዲህ ያለች ጀልባ ቀረጥ ሳይከፈልባት እስከ 18 ወር መቆየት ትችላለች። እኛ ግን በሸንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ለአጭር ቆይታ የሚፈቀድልን በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። የጀልባው ሌላ፣ የሰው ሌላ፣ አትቀላቅሉት አለችን። ይህን የሚነግር ሰው ያጡ ስንቶች ይሆኑ?

ባለቤቴ ቢጫውን አውርዶ የአገሩን ባንዲራ ሰቀለ። እናቴን ደግፋ ያወረደቻት ራሷ ወኪሏ ናት። ሂሳቡ በጽሑፍ ከላከችው ሳንቲም አልጨመረም፣ ደረሰኙንም ሳንጠይቅ ሰጠችን። ጉርሻ ብንላት እንቢ አለች። እጇ ይባረክ!

በዚያ መስመር የምትሻገሩ ሁሉ፣ እባካችሁ በእሷ ተጠቀሙ። በተለይ አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ አታመንቱ። መንገድ ላይ ለሚያገኛችሁ ሰው ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አትስጡ። ለእሷ ግን ቀደም ብላችሁ ጻፉላት፣ የምትደርሱበትንም ሰዓት ንገሯት። ከሥራ ሰዓት ውጭና በበዓል ቀን ብዙ ወደብ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ እሷ ይህንንም አስልታ መቼ ብትነሱ እንደሚሻል ትነግራችኋለች። ቁጥሯን የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ሳልውል ሳላድር እልክላችኋለሁ።