«አላጠብቀውም» ላሉኝ የጀልባ ጠጋኝ ምስጋና፣ በጣና ላይ ጀልባ ላላችሁም ጥቆማ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በአቅራቢያው ወዳሉት ገዳማት ሰው የማመላልስባት የፋይበር ግላስ ጀልባዬ ዕድሜዋ 20 ዓመት አልፏል። ባለፈው የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ምእመናንን ይዤ ዑራ ገዳም እንደ ደረስን፣ አንዲት እናት ሲወርዱ የጨበጡት የእጅ መደገፊያ ብረት ከነመሠረቱ ተነቃነቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳቸው አልወደቁም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ያንን ብረት በያዘ ቁጥር ልቤ አብሮ ይንጠለጠል ነበር።

ይህ ብረት ሲላላ የመጀመሪያው አልነበረም። ቀደም ሲል ሌላ ሰው ቪቴዎቹን በወፍራም ቪቴ ለውጦ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቶ አስረክቦኝ ነበር፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ተመልሶ ላላ። ስለዚህ ዛሬ የማመሰግናቸው አባት ዘንድ የሄድሁት እንደገና እንዲያጠብቁልኝ ብዬ ነው። እሳቸው ግን ብረቱን አንዴ ነቅነቅ አደረጉና «ልጄ፣ አላጠብቀውም፤ ይኼ ቪቴ የሚነክሰው ነገር የለውም» አሉኝ።

ከዚያም ከኪሳቸው ሳንቲም አውጥተው የጀልባዋን የፊት ወለል ስንዝር በስንዝር ያንኳኩ ጀመር። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ በብረቶቹ ሥር ያለው የታፈነ ድምፅ ነበረው፤ ድምፁ የተለወጠበትንም ሁሉ በእርሳስ አከበቡት። የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው የማይዝገው ብረታችን እንደ አዲስ ያበራል፤ እኔም ብረቱን እያየሁ ደህና ነው ስል ኖሬአለሁ። ጥፋቱ ከሥር ኖሯል። በሁለቱ የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል ያለው ኮምፔንሳቶ፣ ማሸጊያው አርጅቶ በተሰነጠቀበት ቀዳዳ በሚገባው ውኃ ለዓመታት ሲበሰብስ ቆይቷል። የታጠፈ ምስማር በትራፓኖ ላይ አስረው ቀዳዳውን ከውስጥ ሲፍቁት የወጣው ነገር የጠላ አተላ ይመስል ነበር። ከ14 ቀዳዳዎች 9ኙ እንዲህ ነበሩ፤ የገመድ ማሰሪያዎቹም ሳይቀሩ።

ቀዳዳዎቹን ቀን ለፀሐይ ክፍት እየተዉ፣ ሌሊት ከጤዛ እየሸፈኑ አምስት ቀን አደረቁአቸው። የድሮውን ሲሊኮን አንድም ሳያስቀሩ ፍቀው አነሡ፣ ምክንያቱም ሲሊኮን በቀረበት ላይ ሌላ ነገር አይጣበቅም። ከዚህ በኋላ ባዶውን በወፈረ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል በሚጠነክር ሙጫ) ሞሉት፤ ባንድ ጊዜ ብዙ ከፈሰሰ ይግላል ብለው በሁለት ዙር ነው የሞሉት። ሲደርቅ በመካከሉ አዲስ ቀዳዳ በስተው፣ ማሸጊያው እንደ ቀለበት የሚቀመጥበት ቦታ እንዲኖረው አፉን በጥቂቱ አሰፉት። በቪቴ ፋንታም ወለሉን አልፎ የሚወጣ ብሎን አስገብተው፣ ከታች ባለ 5 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ አደረጉለት። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ አጠበቁት፤ በማግሥቱ ማሸጊያው ሲይዝ እኔን የብሎኑን ራስ በካቻቪቴ አስይዘው ከታች ዳዶውን ብቻ አዞሩ። ብሎኑ ራሱ ከዞረ የያዘው ማሸጊያ ይቀደዳል። ይህችን ነገር ከእሳቸው በቀር ማንም ሲያደርጋት አላየሁም።

እውነቱን ለመናገር ሦስት ቀን ይበቃል ብለውኝ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል፤ ያለ ሥራ የቆምሁበትም ጊዜ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን የዘገዩት የማድረቂያውን ጊዜ አላሳጥርም ብለው ነው፤ ዋጋውንም የዕቃና የእጅ ለይተው ጽፈው አስቀድመው ስለ ሰጡኝ በመጨረሻ አንድም ብር አልጨመሩብኝም። ሥራው ሲያልቅ በባልዲ ውኃ እያፈሰሱ እኔን ከውስጥ በባትሪ አስፈተሹኝ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከፋሲካ ወዲህ በየቀኑ እየሠራሁባት ነው፤ ብረቱም እንደ ተተከለ አለ።

ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ፣ የጀልባው ብረት የላላበት ሰው በግል ቢጠይቀኝ ስልካቸውን በደስታ እሰጠዋለሁ። ወደ እሳቸው ስትሄዱ የጀልባችሁን የውስጥ መጋዘን ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ዳዶውን የሚያስሩት ከታች ተኝተው ነውና፣ የእኔ የመጀመሪያ ግማሽ ቀን ያለፈው የሕይወት አድን ሰደርያ ሳወጣ ነው።