ክብደት ለመቀነስ፦ ስማርት ሰዓት ይሻላል ወይስ የኪችን ሚዛን?

"ክብደት ልቀንስ ነው፤ የትኛውን ስማርት ሰዓት ልግዛ?" ይህ ጥያቄ ከጓደኞቼ ሳያቋርጥ ይመጣል። አብዛኞቹ ሞዴሉን ራሱ መርጠው ጨርሰዋል። የሚጠብቁት "ጥሩ ነው፣ ግዛው" እንድል ነው። የእኔ መልስ ግን ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ የኪችን ሚዛን ግዙ። ገንዘብ ከተረፈ የሰውነት ሚዛን ጨምሩ። ሰዓቱ ይቆይ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የእህቴ ሰዓት ነው። መገናኛ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል ነው" ተብላ በ2,800 ብር ገዛችው። በሰዓቱ ስሌት በእንቅስቃሴ ብቻ በየቀኑ ከ600 ካሎሪ በላይ ታቃጥላለች። ሳምንታት አለፉ፤ ቀሚሷ ግን እንደጠበበ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰዓቱን አስወልቄ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ላይ አሰርኩት። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ትንሽ ቆየና የልብ ምት 76 ብሎ ጻፈ። በርበሬ ስትወቅጥ ደግሞ እርምጃ ይቆጥርላት ነበር። ታክሲ ኮሮኮንች ላይ ሲያንገጫግጫትም እንደዚያው።

ስለዚህ የግድ ሰዓት የምትገዙ ከሆነ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ጠርሙስ ላይ አስራችሁ እዩት። ደህናዎቹም አንዳንዴ ይታለላሉ። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተጋድሞ የልብ ምት የሚያወጣ ከሆነ ግን ትታችሁ ውጡ። ሻጩ "ሶፍትዌሩ አፕዴት ሲደረግ ይስተካከላል" ይላችኋል። አይስተካከልም።

ችግሩ ደግሞ በኮፒ ብቻ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅ የሚታሰሩ ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። እነዚህ ትክክለኛዎቹ፣ የታወቁ ብራንዶች ናቸው። የልብ ምት ላይ ስድስቱ ጥሩ ሠሩ፤ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ነበር። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉም የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ። የመጨረሻው 93 በመቶ። ሰዓቱ የሚያየው የደም ፍሰትንና የእጅ እንቅስቃሴን ነው። ካሎሪውን ከዚያ ተነስቶ በቀመር ይገምታል።

እስቲ በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ ወደ 250 ካሎሪ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 70 ያህሉን ቁጭ ብሎም ያጠፋው ነበር። በእግሩ ያገኘው ትርፍ 180 ገደማ ነው። የእህቴ ሰዓት ለዚሁ መንገድ 420 ይሰጣታል። እሷም "ዛሬ 420 አቃጥያለሁ" ብላ ማታ እንጀራ ትጨምራለች።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ፤ ዋናው ሒሳብ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ግራም ዘይት ወደ 9 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ይሆናል። ሁለት ማንኪያ ዘይት ያንን የአንድ ሰዓት እርምጃ በልቶ ይጨርሰዋል። እኛ ደግሞ ሽሮ ስንሠራ ዘይት በማንኪያ አንለካም፣ ከጄሪካኑ እንገለብጣለን። "ጾም ስለሆነ መቀነሴ አይቀርም" የሚሉ ወዳጆቼን ሁሌ የምጠይቃቸው ቤታቸው በወር ስንት ዘይት እንደሚያልቅ ነው። ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ወደ 4.6 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ40,000 ካሎሪ በላይ ነው። አራት ሰው በወር ከጨረሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ገደማ ይደርሳል። ከዘይት ብቻ!

የኪችን ሚዛን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የዘይቱን ዕቃ ሰኞ ጠዋት መዝኑ፤ በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱን ለቤቱ ሰውና ለሰባት ቀን አካፍሉት። አንድ ገበታ ከበን ስለምንበላ ካሎሪ መቁጠር አይቻልም ለሚሉ፣ ይህ ዘዴ የዘይቱን ክፍል ይመልስላቸዋል። ምጣድ ላይ የሚቀር ይኖራል፣ እንግዳ ይመጣል። ቢሆንም ከጭፍን ግምት በጣም ይሻላል።

እንጀራም እንደዚያው ነው። ካሎሪ የሚቆጥሩት የስልክ አፖች "አንድ እንጀራ" ብለው አንድ ቁጥር ይሰጧችኋል። እኛ ቤት የሚጋገረው 340 ግራም ይመዝናል፤ ከሱቅ የምንገዛው 260። እኔ የጤፍ እንጀራን በ100 ግራም 145 ካሎሪ ገደማ ብዬ እይዘዋለሁ። በሁለቱ መካከል ከ110 ካሎሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህንን የትኛውም ሰዓት፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ሊነግራችሁ አይችልም።

ዋጋ። በቅርቡ ስጠይቅ መርካቶ ላይ ተራው የኪችን ሚዛን ከ1,200 እስከ 1,600 ብር ነበር። ያንኑ ሚዛን፣ በዚያው ካርቶን፣ ቦሌ ላይ 2,200 ብለውኛል። የታወቀ ብራንድ የእጅ ባንድ ከ6,000 በታች አላገኘሁም። ትልልቆቹ ሰዓቶች 30,000ን አልፈው ይሄዳሉ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ስለማይረጋ ቁጥሩን ሳይሆን ንጽጽሩን ያዙ። በአንድ ደህና ባንድ ዋጋ አራት ሚዛን ይገዛል።

ከግዢ በኋላ ያለው ወጪም አለ። ሰዓቱ የራሱ ማግኔት ቻርጀር አለው፤ ከጠፋ ተመሳሳዩን ፍለጋ መዞር ነው። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ጠጋኞቹ የሚጠይቁት ወደ አዲሱ ዋጋ ይጠጋል። የኮፒዎቹ ባትሪ ካበጠ ጀርባው ይነሳል፤ የሚጠግነውም የለም። ሚዛኑ የሚፈልገው ሁለት ባትሪ ድንጋይ ነው። መሥራት ካቆመ መጀመሪያ የባትሪውን ቤት ክፈቱ። ብዙ ጊዜ ሽቦው ዝጎ ነው። ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጠርጉት፣ አድርቁት፣ ይነሳል። "ተበላሸ" ተብለው የመጡልኝ ሚዛኖች ደግሞ የግራም ቁልፋቸው ሳይታወቅ ተነክቶ ወደ አውንስ፣ ማለትም ወደ ሌላ የክብደት መለኪያ፣ የዞሩ ነበሩ።

ሚዛን ላይም ኮፒ አለ። ላዩ ላይ "10 ኪሎ" ስለተጻፈ አትመኑ። ባዶ ጠርሙስ መዝናችሁ ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ ልዩነቱ 500 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ዕቃውን ከመሃል ወደ አራቱም ጠርዝ አንቀሳቅሱት። ቁጥሩ ከአንድ ሁለት ግራም በላይ ከዘለለ ሌላ አስወጡ። ስልካችሁን አጠገቡ አታስቀምጡ፤ ርካሾቹን ይረብሻቸዋል።

የሰውነት ሚዛንን በጄሪካን ፈትኑት። መጀመሪያ ብቻችሁን ውጡ፣ ከዚያ 20 ሊትር ውሃ ይዛችሁ ውጡ። ልዩነቱ ከ20 ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ የጄሪካኑ ክብደት ነው። 17 ወይም 25 ካለ ግን አትግዙት። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጡት። የስብ መቶኛ አሳያለሁ ለሚለው ሞዴል ተጨማሪ ብር አትክፈሉ፤ እሱም በእግር ከሚልከው ደካማ ኤሌክትሪክ፣ ከቁመትና ከዕድሜ ተነስቶ ነው የሚገምተው። ለመግዛት ካልቻላችሁ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚመዝኑት ልጆች አሉ። አንዱን ልጅ፣ ያንኑ ሚዛን፣ ሁሌ ጠዋት ተጠቀሙ።

ሁለቱ ሚዛኖች ካሏችሁ ሰዓቱ ሊሠራው ያልቻለውን ሒሳብ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ተዉት፤ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው። ከዚያ በየጠዋቱ ተመዝናችሁ የሳምንቱን አማካይ ያዙ። በአራት ሳምንት አማካዩ 1.2 ኪሎ ወረደ እንበል። 1.2 ሲባዛ በ7,700፣ ሲካፈል ለ28 ቀን፣ 330 ይሆናል። በቀን 330 ካሎሪ አጉድላችኋል ማለት ነው። በቀን 1,700 ስትበሉ ከነበረ፣ ሰውነታችሁ የሚያጠፋው 2,030 ገደማ ነው። እርምጃውም፣ ሥራውም፣ እንቅልፉም እዚያው ውስጥ ተጠቃሏል።

ይህ ቁጥር ግን እንዳለ አይቆይም። ሰውነት ሲቀል የሚያጠፋው ይቀንሳል። "በቀን 500 አጉድል፣ በዓመት 23 ኪሎ ትቀንሳለህ" የሚለው ስሌት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ አንድ የአመጋገብ ለውጥ በስተመጨረሻ ከሚያመጣው ቅነሳ በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው ግማሹ ያህል ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በየሁለት ወሩ አድሱት። ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ከምግብ ጋር ከባድ ትግል ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር ካሎሪ አይቁረጥ።

ሰዓት የሚያስፈልገው ሰው የለም አልልም። በልብ ምት የሚሠለጥን ሯጭ ይግዛ፤ እዚያ ላይ ኦሪጅናሉ ጥሩ ነው። እርምጃ ብቻ ለመቁጠር ግን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል፣ በነጻ። እህቴ አሁን 1,300 ብር የወጣበት ሚዛን አላት። ዘይቱን በየሰኞው ትመዝናለች።